አገር የሚያሰጥ ጥያቄ

ጠያቂ እያወቀ ይጠይቃል፤ ተጠያቂም ቢያውቅ ይመልሳል፤ ባያውቅ ግን አገር ይሰጣል። የእንቆቅልሽ ሕግ ይህ ነው። «እንቆቅልህ» ሲሉት «ምን አውቅልህ» ብሎ የተቀበለ ሰው ፍቺው ቢጠፋበት፥ ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይለዋል፤ እርሱም ጎንደርን ወይም ሸዋን ወይም ሌላ የሚያውቀውን አገር ይሰጣል። አሸናፊውም በተሰጠው አገር ላይ ጌታ ሆኖ፥ ተሸናፊውን በቀልድ እየዘለፈ ፍቺውን ይገልጥለታል። በኦሮምኛም እንቆቅልሽ ሂቦ ይባላል፤ በዚያም መፍታት ላቃተው ሰው አገር መስጠት ልማዱ ነው። በቋንቋ የተለያዩ ሰዎች በዚህ ሕግ አንድ መሆናቸው፥ አባቶችና እናቶች ያለማወቅ ዋጋው አገር መሆኑን ለልጆች ከእሳት ዳር በጨዋታ ሲያስተምሩ መኖራቸውን ያሳያል።

ዛሬ ጠቅላላ ዕውቀት እየተባለ የሚደረገው የጥያቄና መልስ ውድድር በየትምህርት ቤቱና በሬዲዮ የታወቀ ሆኗል። በእንግሊዝ አገርም፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1970ዎቹ ዓመታት ጀምሮ፥ በመሸታ ቤት ጠጪዎች በየቡድኑ ተቀምጠው በጥያቄ የሚወዳደሩበት ምሽት ተስፋፍቶ፥ ወደ ሌላም አገር ተሻግሯል። ይህን አይቶ ነገሩ የፈረንጅ ፈሊጥ ነው የሚል ሰው አይጠፋም። ዳሩ ግን በመጠጥ ማዕድ ላይ መጠያየቅ ከጥንት የነበረ ነገር ነው።

በመጽሐፈ መሳፍንት በ14ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፥ ሶምሶን በሠርጉ ግብዣ ላይ ለ30 ሚዜዎች እንቆቅልሽ አቀረበላቸው። የግብዣው ዘመን 7 ቀን ነበረ፤ ውርርዱም 30 የበፍታ ልብስና 30 መለወጫ ልብስ ነበረ። ያ ግብዣ በዕብራይስጥ ሚሽቴ ይባላል፤ ይህም በግእዝ ሰትየ ከምንለው፥ ጠጣ ከሚለው ቃል ጋር የአንድ ሥር ቡቃያ ነው። የእንቆቅልሹ ነገር በገደለው አንበሳ ሬሳ ውስጥ ስላገኘው ማር ነበረ። ሚዜዎቹ ግን ፍቺውን በዕውቀት አላገኙትም፤ ሙሽራይቱን አስፈራርተው በእንባዋ አወጡት። ስለዚህ ሶምሶን ወደ አስቀሎና ወርዶ 30 ሰዎች ገደለ፤ ልብሳቸውንም ገፍፎ ዕዳውን ከፈለ። በማር የተጀመረው ጨዋታ በደም ተፈጸመ።

በጽርዕ አገርም በማዕድ ላይ እንቆቅልሽ መጠያየቅ ልማድ ነበረ። በግብፅ ናውክራጢስ የተወለደው አቴናዎስ ስለ ግብዣ በጻፈው ትልቅ መጽሐፍ፥ መፍታት ያቃተው ሰው ጨው የገባበት ወይን በአንድ ትንፋሽ እንዲጠጣ ይፈረድበት እንደ ነበረ ይተርካል። እንግዲህ ከእነዚህ ዘንድ የተሸናፊው ቅጣት ልብስ ወይም መራራ ጽዋ ነበረ።

ከዚህ የተለየ ሌላ መንገድ አለ። ንግሥተ ሳባ ወደ ሰሎሞን የሄደችው በጥያቄ ልትፈትነው ነው። እርሱም አንድ ስንኳ ሳይሰወርበት ሁሉን ፈታላት። እርስዋ ግን በመሸነፍዋ አላዘነችም፤ ጥበቡን አይታ አምላኩን አመሰገነች፥ 120 መክሊት ወርቅም ሰጠችው። ጌታም በመንገድዋ ርዝመት አመሰገናት፤ ጥበብን ለመስማት ከምድር ዳር መጥታለችና። እርሱ ራሱም በ12 ዓመቱ በቤተ መቅደስ በመምህራን መካከል ተቀምጦ ሲሰማና ሲጠይቅ ተገኝቷል። ሁሉን የሚያውቅ ከጠየቀ፥ መጠየቅ ነውር እንዳይደለ ግልጥ ነው። የአብነት ትምህርት ቤትም በዚህ ሥርዓት የቆመ ነው፤ የቅኔ ተማሪ ማታ ማታ ግሱን እየተጠየቀ ካልመለሰ፥ ሰምና ወርቁን ለይቶ ካልፈታ፥ ወደሚቀጥለው አይሻገርም።

ስለዚህ ጥያቄ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ባልንጀራን ለመግፈፍ፥ ሁለተኛው ባልንጀራን ለማነጽ ነው። ይህን ልዩነት ከኢሉባቦር አገር የወጣ አንድ ታሪክ ከሁሉ ይልቅ ያስረዳል።

ከመቱ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ሁሩሙ የምትባል ከተማ አለች። ለዚህች ስፍራ ቅርብ በሆነ መንደር በ1848 ዓ.ም. ገደማ ሂካ የሚባል ልጅ ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ አባቱ ሞተበት፤ በኋላም ባሪያ ፈንጋዮች ነጥቀው ወሰዱት፤ ስሙንም ነሲብ አሉት። ከጌታ ወደ ጌታ እየተሸጠ ምጽዋ ደረሰ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1870 ዓ.ም. ሙንሲንገር የሚባል የስዊስ ተወላጅ ነጻ አወጣውና በእምኩሉ ለነበረው የስዊድን ሚሲዮን ሰጠው፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ተጠምቆ ኦኔሲሞስ ተባለ። ኦኔሲሞስ በጽርዕ የሚጠቅም ማለት ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልሞና ሲጽፍ፥ ከጌታው ስለ ኮበለለው ስለ ኦኔሲሞስ ሲማልድ፥ በዚሁ ስም ቃሉን አመሳጥሮታል፤ ቀድሞ የማይጠቅም የነበረው አሁን ጠቃሚ ሆኗል ይላልና። የስሙ ሰም ባሪያ ነው፤ ወርቁ ግን ነጻ የወጣ ወንድም ነው።

በእምኩሉ ሳለ እንደ እርሱ ከባርነት የወጣች አስቴር ጋኖ የምትባል ወጣት አገኘ። እርስዋን ወደ ዐረብ አገር ሊሸጧት በመርከብ ሲወስዷት፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1886 ዓ.ም. የኢጣልያ መርከቦች ይዘው አስጥለዋት ነበር። አስቴር የኦሮምኛ ቃላትን ሰብስባ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጀች፤ ከልጅነቷ የሰማችውን እንቆቅልሽ፥ ተረት፥ ምሳሌና ዘፈን 500 ያህል አድርጋ ጻፈች። ከዚህም ከፊሉ በ1894 ዓ.ም. በዚያው በአውሮፓ አቆጣጠር ለጀማሪ አንባቢዎች በታተመው መጽሐፍ ወጣ። ቀድሞ በ1893 ዓ.ም. ሐዲስ ኪዳን፥ በኋላም በ1899 ዓ.ም. መላው መጽሐፍ ቅዱስ በስዊስ አገር በቅድስት ክሪሾና በግእዝ ፊደል በኦሮምኛ ታተመ።

አስተውሎ ላየው የእንቆቅልሹ ሕግ በዚህ ተገልብጧል። በጨዋታው ያላወቀ ሰው አገር ይሰጣል፤ እነዚህ ግን ሳይጠየቁ አገራቸውን በግፍ ተነጠቁ። አገር የሌለው ሰው «አገር ስጠኝ» ቢሉት ምን ይሰጣል? እነርሱ ግን በባዕድ ባሕር ዳር ተቀምጠው የእናታቸውን ቤት እንቆቅልሽ አንድ በአንድ እያሰቡ ጻፉ፤ በማወቃቸውም የተነጠቁትን አገር አስመለሱ። ሁለቱም በኋላ ወደ ወለጋ ገብተው ልጆች አስተማሩ።

የኦኔሲሞስ ትምህርት ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሃይማኖት የተለየ ስለ ነበረ፥ ካህናት ከሰሱት፤ አቡነ ማቴዎስም እንዲሰደድ ፈረዱ። ዳግማዊ ምኒልክ ግን በነቀምቴ እንዲኖር ፈቅደው ስብከቱን ከለከሉ። ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓ.ም. በዚያው በነቀምቴ ዐረፈ። የሃይማኖቱ ክርክር በሊቃውንት ዘንድ የራሱ ስፍራ አለው፤ የሰውየውን ድካም አለማወቅ ግን ሃይማኖትን መጠበቅ አይደለም። ባለ መልሱ ከሌላ ወገን ቢሆንም መልሱ መልስ ነው።

ኢሉባቦር እንዲህ ያለ ጥያቄ የሞላበት አገር ነው። በሰኔ 1890 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ማርሻን ፋሾዳ ሳይደርስ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ይዞ ነጭ ዓባይ የደረሰ ጦር የማን ነበረ? የደጃዝማች፥ በኋላ የራስ ተሰማ ናደው ነበረ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባ ሲገባ የኢትዮጵያ መንግሥት ወዴት ተሻገረ? ወደ ጎሬ፤ በዚያም ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ይመሩት ነበር፥ ራስ እምሩም ከጎጃም ወደዚያ ወረዱ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ እንደ ተገደሉ ሁሉም ያውቃል፤ በ1921 ዓ.ም. ከእርሳቸው ጋር ተሹመው በኅዳር 1929 ዓ.ም. በጎሬ በጥይት የተገደሉት ጳጳስ ግን ማን ናቸው? አቡነ ሚካኤል ናቸው። በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም መዝገብ ያገባው፥ ከፊሉ በሁሩሙ ወረዳ የሚገኘው፥ ቡና በዱር የሚበቅልበት ደንስ ምን ይባላል? የያዮ ደን ይባላል።

የሩቅ አገሮችን ዋና ከተማ ሁሉ ጠርቶ የሚጨርስ ወጣት በእነዚህ ላይ ዝም ቢል፥ ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይደለም፤ ያልጠየቁት ታላላቆቹም ይካፈሉታል። ልጅ የሚያውቀው የተጠየቀውን ነውና። የሩቁን ማወቅ መልካም ነው፤ ንግሥተ ሳባም ሩቅ ሄዳለች፤ ነገር ግን ጥበቡን ይዛ ወደ አገርዋ ተመለሰች እንጂ በዚያ አልቀረችም።

ስለዚህ በጽዋ ማኅበር ጠላው ተቀድቶ ዳቦው ተቈርሶ ሲያበቃ፥ በሰንበት ትምህርት ቤትም ልጆች ተሰብስበው ሲቀመጡ፥ በሠርግ ቤትም ሽማግሌና ወጣት አንድ ላይ ሲገኙ፥ ከሩቁ ጥያቄ ጋር አንድ ሁለት የአገር ቤት ጥያቄ ይጨመር። ውርርዱ ልብስ አይሁን፥ ቅጣቱም መራራ ጽዋ አይሁን። ያላወቀው ሲነገረው ይወቅ፤ ነግሮ የሸነፈውም ትዕቢት አይያዘው። እንዲህ ከሆነ በጨዋታ የሚሰጠው አገር ከሰጪውም ከተቀባዩም እጅ አይወጣም፤ ሁለቱም ያውቁታልና ለሁለቱም ይሆናል።