የታራንታ በቀቀንና የጆሐንስበርግ ውሳኔ፦ የዱር ወፍን በቤት ስለ ማኖር

የዱር ወፍ በሰው ቤት ሊኖር ይችላልን? ጥያቄው ለታሪክ ጸሐፊ የቀለለ ይመስላል፤ ነገር ግን ከጀርባው የሁለት መቶ ዓመታት ንግድና የሕግ ታሪክ አለ። (ዓመታቱ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ አንድን ወፍ መግራትና አንድን ዘር ማላመድ የተለያዩ መሆናቸውን ማስታወስ ይገባል። ዶሮና ርግብ በሺህ በሚቈጠሩ ዓመታት፣ ትውልድ በትውልድ ላይ እየተተካ፣ የሰው ቤት እንስሳት ሆነዋል። በቀቀን ግን ከእጅ ቢበላም፣ የጌታውን ቃል ቢደግምም፣ በተፈጥሮው ያው የዱር ወፍ ነው።

የእኛን አገር ታሪክ የሚነካው ምሳሌ ትንሿ አረንጓዴ በቀቀን ናት፤ ክንፏ ጥቁር፣ የወንዱ ግንባር ቀይ። ሳይንሳዊ መጠሪያዋን ያገኘችው ከምፅዋ ወደ ደጋው ከሚያወጣው፣ ዛሬ በኤርትራ ከሚገኘው የታራንታ መተላለፊያ ነው። ሄንሪ ሶልት በ1809 እና በ1810 ባደረገው የኢትዮጵያ ጉዞ ወፎችን ሰብስቦ ነበር፤ በ1814 ለዚህች ወፍ ስም ያወጣላት እንግሊዛዊው መኰንን ስታንሊ ነው። ይኸው ሰው በኋላ የደርቢ መስፍን ሆኖ፣ በ1851 እስኪሞት ድረስ በርስቱ ላይ ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ እንስሳትንና ወፎችን ያኖር ነበር። እንግዲህ የወፍ ዕውቀትና ወፍን የማግኘት ምኞት በአንድ ሰው ላይ ተገናኝተው እናያለን።

ይህን የምጽፍበት ሮዘተንቪል የጆሐንስበርግ ደቡባዊ ሰፈር ነው። በ1975 ሞዛምቢክና አንጎላ ነጻ ሲወጡ ከዚያ የለቀቁ ብዙ ፖርቹጋሎች በዚህ አካባቢ ሰፍረዋል። በአንድ በረንዳ ላይ ግራጫ በቀቀን በፖርቹጋልኛ ሰላምታ ስትሰጥ ሰምቻለሁ፤ የማዕከላዊ አፍሪካ ደን ወፍ የሊዝበንን ቋንቋ ለአማርኛ ተናጋሪ ስትናገር ማለት ነው። ነገሩ ያስቃል፤ የወፏ ዘር ያለፈበት መንገድ ግን አያስቅም።

በ1975 የዱር እንስሳትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቈጣጠረው ስምምነት፣ በአጭር ስሙ ሳይተስ፣ ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ፣ በሕጋዊ መዝገብ ብቻ ከ1 ሚሊዮን በላይ ግራጫ በቀቀኖች ከዱር ተይዘው ተሽጠዋል። አዳኞች በማስመጫ ወፍና በሙጫ ይይዟቸዋል፤ ገበያ ሳይደርሱ በየመንገዱ የሚሞቱት ከዚህ ቍጥር ውጭ ናቸው። በጋና ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ የወፏ ቍጥር ከ90 በመቶ በላይ ወርዷል። በ2010 መጨረሻ ከኮንጎ የመጡ ከ700 በላይ ግራጫ በቀቀኖች ከጆሐንስበርግ ወደ ደርባን በአውሮፕላን ሲጓዙ ሞተው ተገኙ፤ በረራው አንድ ሰዓት ያህል ብቻ የሚፈጅ ነበር።

ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ2016፣ የሳይተስ 17ኛ ጉባኤ በዚሁ ከተማ ሰሜናዊ ክፍል በሳንድተን ተሰብስቦ ግራጫ በቀቀንን በመጀመሪያው አባሪ መዘገበ፤ ከዱር የተያዘውን ወፍ ለንግድ ማሻገር ተከለከለ ማለት ነው። አስተናጋጇ ደቡብ አፍሪካ ግን ውሳኔውን እንደማትቀበል በሥርዐቱ መሠረት አስታወቀች። በአገሪቱ በቀቀን አርብቶ ወደ ውጭ መላክ ትልቅ ሥራ ነውና። አርቢዎቹ «የእኛ ወፎች በእጃችን የተፈለፈሉ ናቸው» ይላሉ። አባባሉ ብዙውን ጊዜ እውነት ነው፤ ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ እናትና አባት ከደን የመጡ መሆናቸውን አይሽረውም፣ ከዱር የተያዘውም በእነሱ ወረቀት ተሸፍኖ እንዲያልፍ በር ይከፍታል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ሊጠየቅ የሚገባው ወፏ በሽቦ ቤት ውስጥ በሕይወት ትቆያለች ወይ የሚለው አይደለም፤ እርሷ እዚያ እስክትደርስ ስንቱ አለቀ የሚለው ነው።

ኢትዮጵያ ሳይተስን የተቀላቀለችው በ1989 ነው። የታራንታ በቀቀን እስካሁን ከግራጫዋ ዕጣ አምልጣለች፤ ለዚህም ከሕጉ ይልቅ የገበያው ምርጫ ሳያግዛት አልቀረም። በዓለም የወፍ ገበያ የነገሠችው የናሚቢያዋ ፊተ ቀይ ዘመዷ ናትና። የእኛዋ ዛሬም በአዲስ አበባ ግቢዎች ውስጥ የጥድና የሾላ ፍሬ ስትለቅም ትታያለች፤ የምትጥለውም የምታድረውም በአሮጌ ዛፍ ፍልፍል ውስጥ ነው። ዛፉ ሲቈረጥ ያለ ወጥመድም ትጠፋለች።