ነፍጥ፣ ትጥቅ፣ መሣሪያ፦ የጦር መሣሪያ ቁጥጥር በአማርኛ ቃላት ታሪክ ውስጥ

ስለ ጦር መሣሪያ ቁጥጥር የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ከሕግ ወይም ከጸጥታ ጥናት አንጻር ነው። ይህ ጽሑፍ ጉዳዩን ከቃላት ታሪክ አንጻር ይመለከታል። በአማርኛ ተናጋሪው ኅብረተሰብ ዘንድ የጦር መሣሪያ በተለያየ ዘመን ነፍጥ፣ ትጥቅ፣ መሣሪያ ተብሏል። እያንዳንዱ ስያሜ በባለ ጠመንጃውና በመንግሥት መካከል ያለውን ግንኙነት በተለየ መንገድ ይገልጻል። የቁጥጥር ሕግ ተቀባይነት ማግኘቱም ሆነ ማጣቱ በከፊል በየትኛው ስያሜ እንደሚነገር ይወሰናል።

«ነፍጥ» ከዐረብኛ የመጣ ነው። መጀመሪያ የሚቀጣጠል ዘይትን፣ በማምሉኮች ግብፅ ደግሞ ባሩድንና በባሩድ የሚተኮሰውን ሁሉ ያመለክት ነበር። «መድፍ» እና «ባሩድ»ም በዚያው በዐረብኛ በኩል ገብተዋል። «ጠመንጃ» ወይም «ጠበንጃ» ከቱርክኛ እንደመጣ ይታመናል፤ በቱርክኛ ግን ቃሉ የሚጠራው ሽጉጥን ነው። ስዋሂሊም «ባሩቲ» እና «ቡንዱኪ»ን ከዐረብኛ ወስዷል። ቃላቱ መሣሪያው በባሕር ንግድ መምጣቱን ይመሰክራሉ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከኢማም አሕመድ ወገን የነበሩት ነፍጦችም ሆኑ እ.ኤ.አ. በ1541 ከክሪስቶቫን ዳ ጋማ ጋር የገቡት 400 ያህል ፖርቱጋላውያን የያዟቸው በዚሁ መንገድ የመጡ ነበሩ። ነፍጥ ብርቅ በነበረበት ዘመን የገዥ ንብረት ነበር፤ «ነፍጠኛ»ም ነፍጥ ይዞ የሚያገለግል ሰው ማለት ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በደቡብ የሰፈረው ወታደር ከገባሩ ጉልበት መተዳደሪያውን ሲያገኝ፣ ቃሉ የመሬትንና የሥልጣንን ታሪክ ጨምሮ ተሸከመ። ዛሬ በፖለቲካ ንግግር ያለው መራራነት ከዚያ የመነጨ ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ መሣሪያው ሲበዛ ስሞቹም በዙ። የእንግሊዙ ስናይደር «ሰናድር»፣ አልቢኒ «አልቤን»፣ የፈረንሳዩ ፉዚ ግራ «ውጅግራ»፣ የኦስትሪያው ማንሊከር «ምኒሽር» ተባሉ። የገጠሩ ሰው የጦር መሣሪያን በዓይነቱ ለይቶ የሚጠራበት የተሟላ መዝገበ ቃላት ስለነበረው፣ መሣሪያን መለየትና መመዝገብ ለባህሉ ባዕድ ሐሳብ አልነበረም።

የቁጥጥር ሕግ ግን አስቀድሞ የታወቀው ከውጭ በመጣ ክልከላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1890 የተፈረመው የብራስልስ ስምምነት በአብዛኛው አፍሪካ የጦር መሣሪያ ንግድን ገደበ። እ.ኤ.አ. በ1930 ኢትዮጵያ ከብሪታንያ፣ ከፈረንሳይና ከኢጣሊያ ጋር በፓሪስ የተፈራረመችው ውል መንግሥቷ መሣሪያ በሕጋዊ መንገድ እንዲያስገባ ፈቀደ። ከ5 ዓመት በኋላ ኢጣሊያ ለወረራ ስትዘጋጅ ብሪታንያና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ መላክን ከለከሉ። ኢጣሊያ የራሷ ፋብሪካዎች ስለነበሯት የተጎዳችው ኢትዮጵያ ብቻ ነበረች። ለሁሉም እኩል የተባለ ክልከላ ደካማውን ብቻ ባዶ እጁን ሊያስቀር እንደሚችል ይህ ታሪክ አሳይቷል።

ሁለተኛው ስያሜ «ትጥቅ» ነው። ታጠቀ ማለት ወገቡን አሰረ ማለት ነው፤ ስለዚህ ትጥቅ ከዕቃነቱ ይልቅ ልብስነቱ ይቀድማል። ዝናሩ የሚታየውም በወገብ ላይ ነው። የተቃራኒው ድርጊት ስም ደግሞ «ትጥቅ ማስፈታት» ነው። በሰው ፊት ወገብን ማስፈታት ክብርን መንካት ነውና፣ ቃሉ ከሕጉ በፊት ውርደትን ያሰማል። ለጸጥታ የታሰበ ዘመቻ በዚህ ስም ሲታወጅ ጉዳዩ ወዲያው የወንድነትና የህልውና ጥያቄ የሚሆነው አንድም በዚህ የተነሳ ነው።

ሦስተኛው «መሣሪያ» ነው፤ ከ«ሠራ» የወጣ የዕቃ ስም ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 «የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ» ተብሎ የተሰየመው በዚሁ ቃል ሲሆን፣ ዋና ግሶቹም መፍቀድና መመዝገብ ናቸው። መሣሪያ መያዝ ልማድ ለሆነባቸው አካባቢዎችም ቦታ ሰጥቷል። እዚህ ላይ አንድ የሰዋስው ነጥብ ልብ ሊባል ይገባል። «ማስፈታት» እና «ማስመዝገብ» በአንድ ዓይነት የማስደረግ ቅጥያ የተገነቡ ናቸው። ነገር ግን በመጀመሪያው አስደራጊው መንግሥት፣ ፈቺው ዜጋ ነው። በሁለተኛው አስደራጊው ባለ መሣሪያው፣ መዝጋቢው የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ሥልጣኑ የሚቀመጥበት ወገን በሁለቱ ግሶች ይለያያል።

ይህ ሲባል ግን ቃልን በመቀየር ብቻ ሰላም ይመጣል ማለት አይደለም። በሰሜን ምሥራቅ ኡጋንዳ፣ በካራሞጃ፣ ከ2001 እ.ኤ.አ. ወዲህ በተካሄዱት ዘመቻዎች መሣሪያውን ያስረከበው አርብቶ አደር ገና ባላስረከቡ ጎረቤቶቹ ከብቱን ተዘርፏል። በ2004 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያን ጨምሮ የቀጣናው አገሮች የፈረሙት የናይሮቢ ፕሮቶኮል የምዝገባና የቁጥጥር ሕጎች እንዲቀራረቡ የሚጠይቀውም ጠመንጃ ድንበር ስለማያግደው ነው።

ስለዚህ የሕዝብን ደኅንነት የሚሻ ቁጥጥር ሁለት ነገሮችን አጣምሮ መያዝ አለበት። አንደኛው፣ ባለ መሣሪያውን እንደ ተሸናፊ ሳይሆን እንደ አስመዝጋቢ የሚያነጋግር አዋጅ ነው። ሁለተኛው፣ ጠመንጃውን ያስመዘገበ ወይም ያስረከበ ሰው ሌሊት ከብቱ ሲነዳ ፈጥኖ የሚደርስለት ፖሊስና የሚዳኘው ፍርድ ቤት ነው። ሁለተኛው በሌለበት የመጀመሪያው በአማረ ቃል የተነገረ ትጥቅ ማስፈታት ሆኖ ይቀራል፤ ሰሚውም በድሮ ስሙ ይጠራዋል።