የማሳካና የራካይ ምክክር

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ ጨዋታችን ዛሬ ወደ ኡጋንዳ ይወስደናል፤ ከካምፓላ ተነሥተን፣ የቪክቶሪያን ሐይቅ በግራ እያየን፣ በሙዝ ተክል መሀል አዝግመን ማሳካ፣ ከዚያም ራካይ እንደርሳለን። ኤች አይ ቪ ቀድሞ የበረታበት አገር ነው፤ ያልቀበረ ቤት ማግኘት ይቸግር ነበር፤ ከቀብር የተመለሰውም ሰው እህል ያስጠላዋል፣ እንቅልፍ ይነሣዋል፣ ኋላም ራሱን ይጠላል። ድባቴውን ነዋሪው አሳምሮ ያውቀዋል፤ መድኃኒቱ ግን ለገጠር ሰው የሚቀመስ አልነበረም።

ታዲያ ፖል ቦልተን የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር 30 መንደሮችን መረጠና፣ በዕጣ ለሁለት ከፈላቸውና፣ በገሚሱ የቡድን ምክክር ተጀመረ፤ ገሚሱ ለማነጻጸር እንዳለ ቆየ። መሪዎቹ ሐኪሞች እንዳይመስሏችሁ! የዚያው አገር ሰዎች ናቸው፤ የሠለጠኑትም ሁለት ሳምንት ብቻ ነው። ወንዱ ከወንድ፣ ሴቷ ከሴት ጋር ሆነው፣ በእኛ አቆጣጠር በ1994 ዓ.ም.፣ በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ተኩል ይቀመጡ ጀመር፤ እያንዳንዱም ሳምንቱ እንዴት እንደዋለበት፣ ምን እንደገጠመውና ልቡ መቼ እንደከበደው ይናገራል፤ ሌሎቹም ያዳምጡና ይመክሩታል።

በዚያ አገር ባሏን የተቀየመች ሴት ፊት ለፊት ከመናገር ምግቡን ታበላሽበታለች። (የምትስቁ ሰዎች፣ እኛ ዘንድ የለም ልትሉኝ ነው?) በቡድኑ ያሉ ጎረቤቶቿ ታዲያ ቅያሜዋን በምን ቃል ብታወጣው እንደሚሻል አብረዋት ያወጣሉ፣ ያወርዳሉ። ሟችን ማማት ደግሞ ነውር ስለሆነ፣ መሪዋ በሟቹ ያዘነችበት ቀን እንደነበረ በዘዴ ትጠይቃለች፤ ያን ጊዜ የታፈነው ሁሉ ይወጣል። እንዲህ እያሉ የበልጉ ዝናብ መጣ፣ ሄደም፤ 16 ሳምንትም ሞላ።

ከዚያ ተቆጠረ። ሲጀመር በሁለቱም ወገን አብዛኛው ሰው ድባቴ ነበረበት፤ ሲያበቃ ከተማከሩት መካከል ድባቴው ያልለቀቀው 6.5 በመቶውን ብቻ ነው፣ ካልተማከሩት ግን 54.7 በመቶውን። ያልተማከሩትም እንደተሻላቸው አልሸሽግም፤ ጊዜም የራሱን ያክማል። የሁለቱ ልዩነት ግን ጊዜ ብቻውን የሚያመጣው አይደለም። ከስድስት ወር በኋላ ተመልሰው ሲያዩም ለውጡ ጸንቶ ቆይቷቸዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ይህንኑ የቡድን ምክክር እ.ኤ.አ. በ2016 መመሪያ አድርጎ አሳትሞታል።