መጋቢት 28 ወይስ ሚያዝያ 27?

ቦሌ አራብሳ በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ጫፍ የተቆረቆረ የኮንዶሚኒየም ሰፈር ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን እርሻና ግጦሽ ነበር። በአምስት ዓመት ልዩነት ዋና ከተማዋን የያዙት ሁለት የውጭ ሠራዊቶች ግን የመጡት ከዚሁ ከምሥራቁ ወገን ነው፤ የጣሊያኑ ከሰፈሩ በስተሰሜን በደብረ ብርሃን መንገድ፣ የእንግሊዙ በስተደቡብ በሞጆና በአቃቂ። ንጉሠ ነገሥቱ ዓፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ የገቡት ደግሞ በእንጦጦ ነው። የድል በዓላችን ቀን ሁለት ጊዜ የተቀየረው መንግሥታት ከእነዚህ አገባቦች የትኛው እንዲታወስ፣ የትኛው እንዲረሳ ስለወሰኑ ነው።

ዓፄ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ። ከተማዋ ያለ ጠባቂ ቀርታ ተዘረፈች፣ ተቃጠለች። በሦስተኛው ቀን፣ ሚያዝያ 27፣ የጣሊያኑ ማርሻል ባዶልዮ ከደሴ ያነሳውን ረጅም የካሚዮን ሰልፍ እየመራ ገባ። ሙሶሊኒም በዚያው ምሽት ሮም ላይ ለተሰበሰበው ሕዝብ ድሉን አወጀ።

ከዚያ በኋላ ያሉት አምስት ዓመታት የአርበኞች ናቸው። ጣሊያን ከተሞችንና አውራ ጎዳናዎችን ቢይዝም በሸዋ፣ በጎጃም፣ በበጌምድር ገጠሩ አልተገዛለትም። አውሮፓ ውስጥ ጦርነት ተነስቶ ጣሊያን ከጀርመን ጎን ሲሰለፍ እንግሊዝ የኢትዮጵያ አጋር ሆነች። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም በሱዳን ጠረፍ ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማቸውን ተከሉ። በሌላው ግንባር የእንግሊዙ ጄኔራል ካኒንግሃም ከኬንያ ተነስቶ የካቲት 18 ሞቃዲሾን፣ መጋቢት 17 ሐረርን፣ መጋቢት 20 ድሬዳዋን ያዘ። ሠራዊቱ በአብዛኛው ደቡብ አፍሪካውያን፣ የምሥራቅ አፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ወታደሮች፣ ናይጄሪያውያንና የጎልድ ኮስት ሰዎች ነበሩ። ሠራዊቱ አዋሽን ከተሻገረ በኋላ መጋቢት 28 አዲስ አበባ እጇን ሰጠች።

በዚያው ዕለት፣ በዚያው መጋቢት 28፣ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ። ከዋና ከተማቸው የሚለያቸው 300 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር፤ መንገዱን የዘጋባቸውም ጣሊያን ሳይሆን አጋራቸው ነበር። የእንግሊዝ አዛዦች ያቀረቡት ምክንያት በከተማዋ ውስጥ ያሉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ጣሊያናውያን ሲቪሎች ደኅንነት ነው፦ ንጉሡ ሲገቡ ሕዝቡ ይነሳባቸዋል የሚል። ስጋቱ ባዶ አልነበረም፤ ጣሊያኖች በከተማዋ ሕዝብ ላይ ከፈጸሙት የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም ጭፍጨፋ ገና አራት ዓመት መሆኑ ነው። ይሁንና ከተማዋ ከተያዘች በኋላ እንኳ የጣሊያን ፖሊሶች ከነመሣሪያቸው ጸጥታ እንዲያስከብሩ መደረጋቸው፣ በየካቲቱ ቤተሰቡን ላጣ አዲስ አበቤ ምን ስሜት እንደፈጠረ መገመት አያዳግትም።

የደብረ ማርቆሱ ቆይታ ሳምንታት ፈጀ። በመጨረሻ ፈቃዱ ተገኝቶ ጉዞው ሲቀጥል የመግቢያው ቀን ሚያዝያ 27 ሆነ፤ ባዶልዮ ከገባ ልክ አምስተኛ ዓመት። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። ከሱዳን ጀምሮ አብሯቸው የዘመተው ኮሎኔል ዊንጌት በፈረስ ከፊት ቀደመ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በመኪና ተከተሉ። ራስ አበበ አረጋይ ከነአርበኞቻቸው ተቀበሏቸው፤ ካኒንግሃም በቤተ መንግሥት ጠበቃቸው። ንጉሠ ነገሥቱም በንግግራቸው ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ ለመኑ። ተፈርቶ የነበረው ደም አልፈሰሰም።

ዕለቱ የሰልፍ ብቻ እንዳልነበረ በሳምንቱ ታየ። ግንቦት 3 ንጉሠ ነገሥቱ ሚኒስትሮች ሾሙ፤ እንግሊዞች ደግሞ ከጣሊያን ጋር የሰላም ውል እስኪፈረም አገሪቱ በጦር አስተዳደር ሥር ናት ብለው ተቆጡ። ክርክሩ መቋጫ ያገኘው፣ ያውም በከፊል፣ ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም በተፈረመው የሁለቱ መንግሥታት ስምምነት ነው። ስለዚህ ቤተ መንግሥቱ ሚያዝያ 27ን የድል ቀን አድርጎ አራት ኪሎ ላይ ሐውልት ሲያቆምለት ለጣሊያን ብቻ ሳይሆን ለእንግሊዝም መልስ እየሰጠ ነበር፦ አገሪቱ ነፃ የወጣችው ባለቤቷ ሲገባ ነው እንጂ እናንተ ስትገቡ አይደለም።

ደርግ ንጉሡን ካወረደ በኋላ በ1967 ዓ.ም ባወጣው የበዓላት አዋጅ የድል ቀኑን ወደ መጋቢት 28 አዛወረው። ዓላማው ግልጽ ነው፤ ንጉሡን ከታሪኩ ማውጣት። ውጤቱ ግን ግራ ያጋባል። ኢምፔሪያሊዝምን በየአደባባዩ የሚያወግዝ መንግሥት፣ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ጦር ከተማ የያዘበትን ዕለት ብሔራዊ በዓል አደረገ። አርበኞች በስም ተወደሱ፤ በቀኑ ውስጥ ግን ቦታቸው ከቀድሞው ይልቅ ጠበበ። በሚያዝያ 27 ቢያንስ ራስ አበበ አረጋይ አሉ።

ደርግ ከወደቀ በኋላ በዓሉ ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ፤ ዛሬ የአርበኞች ድል ቀን ተብሎ አራት ኪሎ ላይ ጉንጉን አበባ ይቀመጥበታል። ስሙ የአርበኞች ቢሆንም ሁለቱም ቀኖች ድልን የሚለኩት ማን አዲስ አበባ እንደገባ በማየት ነው። አርበኛው ደግሞ አምስት ዓመት የተዋጋው ከአዲስ አበባ ውጭ፣ ቀን ባልተጻፈለት ገደልና ጫካ ነው። ከእነዚህ አርበኞች አንዱ የሆነው የጎጃሙ በላይ ዘለቀ ከድል በኋላ ከመንግሥት ጋር ተጣልቶ በ1937 ዓ.ም አዲስ አበባ ውስጥ ተሰቀለ።

ጦርነቱ ራሱም በሚያዝያ 27 አላበቃም። የጣሊያኑ እንደራሴ የአኦስታው መስፍን አምባላጌ ላይ እጁን የሰጠው በግንቦት ነው፤ ጄኔራል ናሲ ደግሞ ጎንደር ላይ እስከ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም ድረስ ተከላክሏል። በጎንደሩ ውጊያ የኢትዮጵያ አርበኞች ከእንግሊዝ ጦር ጎን ተሰልፈው ነበር። ኅዳር 18 በዓል ሆኖ አያውቅም።