ላብ ዩኒቨርሲቲ የገባበት መንገድ

«ምን ታጠናለህ?»

«ስፖርት ሳይንስ።»

«አሃ! ኳስ እየተጫወታችሁ ዲግሪ የምትቀበሉት እናንተ ናችሁ?»

ይህን ቀልድ ያልሰማ ተማሪ የለም። የቀለደውም ብዙ ነው፤ እኔም ቀልጃለሁ። ቀልዱ ግን የኛ ፈጠራ አይደለም። ዕድሜ ያለው፣ ሊቃውንትም የደገሙት ንቀት ነው። ታዲያ ላብ ከዩኒቨርሲቲ ደጃፍ እንዴት እንደተመለሰና በምን ኃይል እንደገባ ማየቱ አይከፋም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ስዊድናዊው ፔር ሄንሪክ ሊንግ በ1813 ስቶክሆልም ላይ የጂምናስቲክ ተቋም ከፈተ። ጀርመኖችም የራሳቸው ሥርዓት ነበራቸው። ሁለቱም ባሕር ተሻግረው አሜሪካ ገቡና ተከታዮቻቸው «የኛ ይበልጣል» ሲባባሉ ዓመታት አለፉ። ክርክሩን የሚዳኝ መለኪያ ግን አልነበረም። በ1891 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የአናቶሚ፣ የፊዚዮሎጂና የሰውነት ማሠልጠኛ ትምህርት ክፍል ከፈተ። ኃላፊው ሐኪሙ ጆርጅ ዌልስ ፊትዝ ነበር። የሰውየው አቋም አጭር ነው፤ ለሰውነት ይበጃል የተባለ እንቅስቃሴ ሁሉ አስቀድሞ በቤተ ሙከራ ይፈተን። ተማሪውም አራት ዓመት ተምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ይቀበል ነበር። ምን ያደርጋል፣ ክፍለ ዘመኑ ሲያልቅ ትምህርቱም አብሮ አለቀ።

ጥያቄው ግን አልሞተም። እንግሊዛዊው አርችባልድ ሂል ስለ ጡንቻ ባደረገው ጥናት የ1922ን የኖቤል ሽልማት ከኦቶ ማየርሆፍ ጋር ተካፈለ። ሂል ራሱ ሯጭ ነበር። ጀርባ ላይ ከረጢት ታዝሎ እየተሮጠ የሚተነፈሰው አየር ይሰበሰብና ይለካል። ፍጥነት ሲጨምር ሰውነት የሚወስደው ኦክሲጅንም ይጨምራል፤ አንድ ጣሪያ ላይ ሲደርስ ግን ይቆማል። የሯጭ አቅም ዛሬም በዚሁ ጣሪያ ይለካል።

በ1927 ደግሞ እዚያው ሃርቫርድ የድካም ላቦራቶሪ ተቋቋመ። የት? በቢዝነስ ትምህርት ቤቱ ምድር ቤት! እንዴ፣ ቢዝነስ ስለ ድካም ምን አገባው? ፋብሪካ ውስጥ የሚደክመው ሠራተኛ ነዋ! ተመራማሪዎቹ በ1935 ቺሊ ተራሮች ላይ ወጥተው ከፍታ ሰውነትን ምን እንደሚያደርገው ለኩ። ላቦራቶሪው በ1947 ተዘጋ።

ለኔ ከሁሉ የሚልቀው የለንደኑ ጥናት ነው። ጄሪ ሞሪስ የተባለ ሐኪም ባለ ፎቅ አውቶቡሶችን ተመለከተ። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል። ትኬት ቆራጩ በቀን አምስት መቶና ከዚያም በላይ ደረጃ ሲወጣ ሲወርድ ይውላል። ሁለቱም አንድ ድርጅት ውስጥ ያሉ፣ ኑሯቸው የተቀራረበ ሠራተኞች ናቸው። በ1953 የታተመው ውጤት ትኬት ቆራጩን የልብ በሽታ ከሾፌሩ ያነሰ እንደሚያጠቃው አሳየ። ሞሪስ በዚህ አላበቃም። «ሾፌሮቹ ከመጀመሪያውም ወፍራሞች ቢሆኑስ?» ብሎ የደንብ ልብሳቸውን የወገብ ልክ መረመረ። እውነትም የሾፌሮቹ ሱሪ ሰፋ ያለ ነበር። የገዛ ግኝቱን እንዲህ የሚጠራጠር ትምህርት ጨዋታ ነው ይባላል?

ተብሏል! በ1963 ጄምስ ኮናንት በመጽሐፉ ዩኒቨርሲቲዎች በሰውነት ማጎልመሻ የሚሰጡትን የድኅረ ምረቃ ትምህርት ይሰርዙ ሲል ጻፈ። የድካም ላቦራቶሪው ሲዘጋ የሃርቫርድ ፕሬዚዳንት የነበረው እሱ ነው። በዓመቱ የበርክሌዩ ፍራንክሊን ሄንሪ አንድ መጣጥፍ አወጣ። የሰው ልጅ እንዴት ይንቀሳቀሳል፣ እንቅስቃሴን እንዴት ይማራል፣ ለምንስ ይጫወታል የሚሉት ጥያቄዎች በአንድ ላይ ተጣምረው ራሱን የቻለ የዕውቀት ዘርፍ ይሆናሉ አለ። የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ለመሆን ብቻ ሳይሆን ለማወቅም ይጠናል ማለቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ትምህርት ክፍሎች ቆመው የሄዱት በዚህ መሠረት ላይ ነው።

በ1968 የሜክሲኮ ኦሊምፒክ በ2,240 ሜትር ከፍታ ላይ ሲካሄድ የቺሊው ጥያቄ የዓለም ጥያቄ ሆነ። ማራቶኑን ያሸነፈው የኛው ማሞ ወልዴ ነበር። አዲስ አበባ ደግሞ ከሜክሲኮ ከተማም ትበልጣለች። ታዲያ ምስጢሩ አየሩ ነው፣ እግሩ ነው፣ ወይስ ኑሮው? በ2003 ከግላስጎው የመጡ ተመራማሪዎች የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን አትሌቶችን ጠይቀው ባወጡት ጥናት፣ ከማራቶን ሯጮቹ ብዙዎቹ የአርሲና የሸዋ ልጆች፣ ልጅ ሳሉም ወደ ትምህርት ቤት በሩጫ ይመላለሱ የነበሩ ሆነው ተገኙ። ሩጫው በደጃችን፣ ጥያቄው ከግላስጎው።

ለምን እንዲህ ሆነ? አንዱን ምክንያት እኔ ከዚያ ቀልድ ውስጥ አገኘዋለሁ። ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን በእጃቸው ስለሚሠሩ ስንንቅ የኖርን ሕዝብ ነን። አካል የሚሠራው ሥራ ዕውቀት አይመስለንም። ላብ አደር የሚለውን ቃል በየስብሰባው ስንጠራ ኖረን፣ ላቡ ራሱ ምን እንደሆነ የሚያጠናውን ተማሪ ግን እንስቅበታለን።

እንግዲህ ያ ልጅ ሩጫ ሜዳው ላይ ሰዓት መያዣና ደብተር ይዞ ካያችሁት፣ ከመቀለዳችሁ በፊት ምን እየለካ እንደሆነ ጠይቁት። እኔ ጠይቄው አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሜ ሰማሁት።