አድፍጦ መግደል፦ ማን ይጠየቃል? ማንስ አይጠየቅም?



ከደብረ ሲና ወርዶ በሸዋ ሮቢት፣ በሰንበቴና በአጣዬ በኩል ወደ ደሴ የሚያልፈው መንገድ በእነዚህ ዓመታት የብዙ ሰው ደም ፈሶበታል። ፖሊስም፣ ሾፌርም፣ ገበሬም ወድቆበታል። ተኩሱ ጋብ ባለ ቁጥር ሁለት ንግግር እንሰማለን። አንዱ «አብሬ ነበርኩ እንጂ አልተኮስኩም» ይላል። ሌላው «እነሱ ናቸው የጨረሱን» ብሎ ብሔርን ወይም ሰፈርን በጅምላ ይከሳል። ሁለቱም ልክ አይደሉም።

በኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ዘመን በየመን ሰንዓ ሰዎች ተባብረው አንድ ሰው በተንኮል ገደሉ። ኢማም ማሊክ በሙወጧእ እንደዘገቡት 5 ወይም 7 ነበሩ። ዑመር ሁሉም በአንዱ ደም እንዲገደሉ ፈረዱ፤ የሰንዓ ሰው በሙሉ ቢተባበር እንኳ ፍርዳቸው ያው እንደሚሆን ተናገሩ። እዚህ ላይ ልብ እንበል፦ የተቀጡት የተባበሩት ናቸው። የሰንዓ ሕዝብ አልተነካም።

በሀገራችን ደግሞ አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የሚባል ሥርዓት ነበር። ወንጀል ተሠርቶ አድራጊው ሲጠፋ አገሬው ይሰበሰባል፤ ወንጀለኛው እስኪወጣ ወደ ቤቱ አይመለስም። ካልተገኘ ሁሉም በጋራ ይከፍላል። የተደበቀ እውነት ለማውጣት ረድቷል፤ ነገር ግን ምንም ያላየውም ሰው አብሮ ተቀጥቷል።

ዛሬ የምንዳኝበት የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከዚህ ይለያል። በአንቀጽ 32 መሠረት ቃታ ባይስብም በሐሳቡና በአድራጎቱ ወንጀሉን የራሱ ያደረገ ሰው ዋና ወንጀል አድራጊ ነው። አንቀጽ 36 አነሳሹን፣ አንቀጽ 37 አባሪውን ይይዛል። ለመግደል በተደራጀ ቡድን አባልነት የገደለ ሰው ደግሞ በአንቀጽ 539 በዕድሜ ልክ እስራት ወይም በሞት ይቀጣል። እንግዲህ «የፖሊስ መኪናው አለፈ» ብሎ አውቆ የሚደውል ወጣት፣ ጥይት የሚያቀብል፣ የማምለጫ መንገድ የሚጠብቅ ሁሉ «እጄ ንጹሕ ነው» ማለት አይችልም።

ሌላውን ገጽ ደግሞ እንይ። ሚያዝያ 19 ቀን 2015 የአማራ ክልል ብልጽግና ፓርቲ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ግርማ የሺጥላ በመንዝ መንገድ ላይ አብረዋቸው ከነበሩ ሰዎች ጋር ተገደሉ። በዚህም ሆነ በሌላ ግድያ የሚያዝ ተጠርጣሪ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 መሠረት ጥፋቱ በፍርድ ቤት እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ንጹሕ ይቆጠራል። ዐቃቤ ሕግ የእያንዳንዱን ሰው ድርሻ ለየብቻ ማስረዳት አለበት።

ይህ ሲረሳ የሚሆነውን ይፋት አይቷል። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ግጭቱ ከታጣቂዎች አልፎ ጎረቤት ላይ ደረሰ፤ አጣዬ ነደደች፣ ሸዋ ሮቢትም ደም ፈሰሰባት። መንግሥት በአካባቢው ኮማንድ ፖስት አቋቋመ። ሱቃቸው የተቃጠለባቸው፣ ልጆቻቸውን ይዘው የተሰደዱ ስንቶቹ ናቸው መሣሪያ ያነሱት?

ወንድሜ፣ እህቴ፦ ለደፈጣ ስልክህን እንኳ አታውስ። የገዳዩን ጥፋትም በእናቱ፣ በሰፈሩና በብሔሩ ላይ አትጫኚ። ያየ ይመስክር፣ ዳኛ ይፍረድ።

አላህ ለይፋትና ለሀገራችን ሰላም ያውርድልን። ወላሁ አዕለም።