ኮምፒውተር ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት፦ ዊንዶውስን እንደ አዲስ የመጫን መመሪያ

ኮምፒውተሩ ሲንቀራፈፍ ወይ ቫይረስ ሲገባው ሁሉም የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፦ «ፎርማት አድርገው»። ምክሩ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ግን ፎርማት ማድረግ ማጥፋት መሆኑን አትርሱ።

እኛ ጋ መቐለ ላይ ነገሩ ይከብዳል። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም ጀምሮ ኢንተርኔት ከሁለት ዓመት በላይ ተቋርጦ ስለነበር፣ የዚያን ጊዜ ፎቶና ሰነድ ጉግል ድራይቭ ላይ አታገኙትም። በአንዳንድ ቤት ዛሬ በሕይወት የሌለ ሰው ፎቶ ያለው አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ከመጫኑ በፊት ያለው ሥራ ይበልጣል።

1. መጀመሪያ ፋይል አውጡ
ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስ፣ ፒክቸርስ እና ዳውንሎድስ ያሉት ሲ ድራይቭ ላይ ነው፤ አብረው ይጠፋሉ። በቴሌግራም ያወረዳችሁትም አብዛኛውን ጊዜ ዳውንሎድስ ውስጥ ነው። ሁሉንም ወደ ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ ወይም ፍላሽ ገልብጡ። ከዚያ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ አረጋግጡ።

2. የትኛውን ልጫን?
የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ ቦታ እና ቲፒኤም 2.0 ይፈልጋል፤ ከ8ኛ ጀነሬሽን በታች ያለ ኢንቴል በአብዛኛው በይፋ አይደገፍም። ማሽናችሁ ካልቻለ ነፃ የሆነውን ሊነክስ ሚንት ሞክሩ፤ 2 ጊጋ ራም ላይ ይነሳል፣ 4 ቢሆን ይሻላል።

3. መጫኛ ፍላሽ
ቢያንስ 8 ጊጋ ፍላሽ ያስፈልጋል። መጫኛውን ከራሱ ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ አውርዱ፤ ከ5 ጊጋ በላይ ስለሆነ ጥሩ ዋይፋይ ፈልጉ። ልብ በሉ፦ ፍላሹ ሲዘጋጅ በላዩ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ፋይል ያስቀመጣችሁበትን ፍላሽ ለዚህ እንዳትጠቀሙበት።

4. መጫን
ላፕቶፑን ሙሉ ቻርጅ አድርጉ። ዴስክቶፕ ከሆነ ያለ ዩፒኤስ ባትጀምሩ ይመረጣል። መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ ግን አትደንግጡ፣ ከፍላሹ እንደገና ትጀምራላችሁ።
ፍላሹን ሰክታችሁ ስታበሩት ዴልና ሌኖቮ ላይ ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9 ደጋግማችሁ ንኩ። የዲስክ ዝርዝር ሲመጣ ቀስ በሉ። ዲ ድራይቭ ላይ የምትፈልጉት ነገር ካለ እሱን አትንኩ፤ ሲን ብቻ ፎርማት አድርጉ። የማትለዩት ከሆነ እዚሁ ላይ አቁሙና የሚያውቅ ሰው ጠይቁ።

5. ከተጫነ በኋላ
ዋይፋይ እምቢ ካለ ስልካችሁን በኬብል አገናኝታችሁ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ ክፈቱ፣ ከዚያ አፕዴት አድርጉ። ዊንዶውሱ ቀድሞ በሕጋዊ መንገድ አክቲቬት ተደርጎ ከነበረና ያንኑ እትም ከጫናችሁ፣ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ ያስተካክላል። ከየቦታው የሚወርድ ክራክ ግን ያጸዳችሁትን ቫይረስ መልሶ ሊያመጣው ይችላል።

ጥገና ቤት የምትወስዱትም ብትሆኑ 1ኛውን ቁጥር ራሳችሁ ቤት ጨርሱት።